ድስቱ ከመኪናው ስር ነው

አርባ ምንጭ ሲቀላ ላይ፣ ሙዝ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሊነሳ ከተዘጋጀ አይሱዙ ኋላ የቆመ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ ማርሚታው አጠገብ እግር አይደረግም። ያቃጥላል! ዛሬ የዚያን ሙቀት ታሪክ እናውጋ።

ከስሙ እንጀምር። «ማርሚታ» ከጣልያን የቀረን ቃል ነው፤ በጣልያንኛ ትልቅ ድስት ማለትም ነው። «ናፍታ»ም የዚያው ቤት ልጅ ናት። በወረራው ዘመን አገራችን የገባው ፊያት 634ኤን፣ ማለትም «ትሬንታ ኳትሮ»፣ ስሙ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤን» ናፍታን የምታመለክት ናት። እንግዲህ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ድስት እያልን ስንጠራው ኖረናል… አንድ ቀን ግን አልጣድንበትም።

ሒሳቡ ያስቆጫል። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 አውግስቡርግ ላይ ያስፈተነው ሞተር ከነዳጁ ጉልበት ወደ ሥራ የለወጠው 26 በመቶ ገደማውን ነበር። ለዘመኑ ትንግርት ነው፤ የቀረው ግን በማቀዝቀዣ ውሃና በጭስ ሄደ። ዛሬም ከምንቀዳው ናፍታ ሲሶ ያህሉ በጭስ ማውጫ ይበናል።

ይህ ያንገበገበው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሂ፣ እ.ኤ.አ. በ1905 አንድ ሐሳብ በፓተንት አስመዘገበ፦ ጭሱ ራሱ መዘውር ያሽከርክር፣ መዘውሩም አየር ጨምቆ ለሞተሩ ይመልስለት። ሃያ ዓመት ያህል ለፋበት። በ1920ዎቹ አጋማሽ የሁለት ጀርመን መርከቦች ሞተሮች በዚህ ዘዴ ከ1,750 ወደ 2,500 የፈረስ ጉልበት ከፍ አሉ። መሣሪያውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቱርቦ! ቱርቦ ያለው አይሱዙ የሶዶን መንገድ ሲወጣ ከሚጥለው ጭስ ላይ ጥቂት ጉልበት እየመለሰ ነው። ትላልቅ መርከቦችማ በጭሳቸው መንገድ ላይ ቦይለር ገጥመው ውሃ ያፈላሉ።

እኛስ? ጨንቻ አንድ ማረፊያ አድረን ነበር። መብራት ጠፍቶ ጀነሬተሩ ሲጮህ አነጋ። ጠዋት በዚያ ብርድ የገላ መታጠቢያ ውሃ በማገዶ ይሞቃል፤ ከግድግዳው ማዶ ማርሚታው ያንን ሁሉ ሙቀት ለጉም ያድላል። ሁለት እሳት በአንድ ግቢ፣ ሳይተዋወቁ!

«ቱቦ ይገጠምለት!» ስንል ግን ሜካኒክ ወዳጃችን ገታን። የጭሱ መውጫ ከጠበበ ሞተሩ ይታፈናል። ጭሱ ከመጠን በላይ ከቀዘቀዘ ድኙ አሲድ ሆኖ ብረቱን ይበላል፤ ጥላሸትም ይደፍነዋል። በቀን አንድ ሰዓት ለሚሠራ ጀነሬተር ደግሞ ወጪው አይመለስም። ታሪኩም ይህንኑ ይላል፤ ነገሩ ቀድሞ የተሳካው ቀንና ሌሊት በሚሠሩ የመርከብ ሞተሮች ላይ ነው።

ስለዚህ ከቱቦው በፊት ሰዓቱ ይቆጠር። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ በተጀመረው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ የሜካኒካል ልጆች፣ የመመረቂያ ርዕስ ፈልጋችሁ ከሆነ እነሆ፦ በጋሞ ከተሞች የትኛው ጀነሬተር በወር ስንት ሰዓት ይሠራል? አጠገቡስ ማን ውሃ በማገዶ ያሞቃል? መልሱን ስታገኙ ጻፉልን፤ እናወጣዋለን።