ስኳር በአንድ ተራ፣ ማህፀን በሌላ ተራ

ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ባለው ጊዜ፣ አራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውሮ ዛሬ መርካቶ በምንለው ቦታ አሰፈረው። ሰፈሩም አዲስ ከተማ ተባለ። ያኔ ኢንሱሊን ገና 15 ዓመት ገደማ የሆነው መድኃኒት ነበር።

ፍሬድሪክ ባንቲንግና ባልደረቦቹ ኢንሱሊንን ቶሮንቶ ውስጥ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1921 ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት ጥር ላይ የመጀመሪያው ታካሚ ተወጋ። ከዚያ በፊት ጽኑ ስኳር የያዛት ወጣት ሴት ብዙ ጊዜ የወር አበባዋ ይቀር ነበር። ብታረግዝም እናት ወይም ፅንስ፣ አንዳንዴም ሁለቱም ይሞቱ ነበር። ኢንሱሊን ራሱ ሆርሞን ነው። እሱ ሲጠፋ፣ ደም ውስጥ ስኳር ሞልቶ እያለ ሰውነት ረሃብ የገባ ይመስለዋል። አንጎልም በረሃብ ጊዜ እንደሚያደርገው የመውለጃ ሆርሞኖችን ይቀንሳል። "መሀን" የተባለችው ሴት ችግሯ ማህፀኗ ሳይሆን ስኳሯ ሊሆን ይችል ነበር ማለት ነው።

ቦስተን በሚገኘው ጆስሊን ክሊኒክ ሐኪም ፕሪሲላ ዋይት እ.ኤ.አ. ከ1924 ጀምራ እነዚህን እናቶች ለአሥርት ዓመታት ተከታተለች። የእሷ መንገድ ቀላል ነበር፤ የስኳር ሐኪሙና የማዋለጃ ሐኪሙ አንዲቱን ሴት አብረው ይዩአት።

በእኛ አገር የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 ተመሠረተ፤ የስኳር ሕሙማን ማኅበር ደግሞ በ1984። ሁለቱም ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። አገልግሎቱ ግን እንደ መርካቶ በየተራው ተከፋፍሎ አደገ፦ ስኳር በአንድ ክፍል፣ እርግዝናና የወሊድ መከላከያ በሌላ ክፍል።

መርካቶ ውስጥ ሸማ ፈልጎ በርበሬ ተራ የገባ ሰው ቢበዛ እግሩ ይደክማል። እዚህ ግን የሚባክነው ጊዜ ውድ ነው። የፅንሱ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሠሩበት ቱቦ የሚዘጋው በ28 ቀን ገደማ ውስጥ ነው፤ ልብም በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት ይሠራል። ያኔ ስኳሯ ከፍ ካለ ጉዳቱ ይደርሳል። ብዙ እናቶች የእርግዝና ክትትል የሚጀምሩት ግን ከዚያ በኋላ ነው። ለግፊትና ለኩላሊት ብላ የምትወስደው ኢናላፕሪልም ፅንስን ይጎዳል። ስኳሩ የደም ሥሯን የጎዳባት ሴት ደግሞ ከመድኃኒት ቤት ገዝታ የምትውጠው፣ ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንክብል አይመከርላትም።

ስለዚህ ጥያቄው መነሳት ያለበት እርግዝና ክፍል ሳይሆን ስኳር ክፍል ነው። በየቀጠሮው ደም ከሚለካው ባለሙያ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ "በዚህ ዓመት ልጅ ትፈልጊያለሽ?" አዎ ካለች ስኳሯ አስቀድሞ ይስተካከል፣ ፎሊክ አሲድ ትጀምር፣ መድኃኒቷ ይቀየር። አይ ካለች ለጤናዋ የሚስማማ መከላከያ ይሰጣት። የወር አበባዋ ከተዛባም እዚያው ይጠየቅ።

ይህን ለመጠየቅ አዲስ ሕንፃም አዲስ መሣሪያም አያስፈልግም። ኢንሱሊን ከተገኘ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሁለቱን ክፍሎች ማገናኘት ከዚህ በላይ ሊዘገይ አይገባም።