ባሕር የሌላት ደሴት

ለከተማ ወጣት «ዕረፍት» ሲሉት ፊቱ ላይ ድቅን የሚለው ሥዕል አንድ ነው። ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ውሃ፣ ሁለት የዘንባባ ዛፍ፣ ውርጩን ያላበው የጁስ ብርጭቆ። ዛንዚባር ለጫጉላ ደርሶ የመጣ ሙሽራ ፎቶውን ሦስት ወር ይለጥፍልናል። ማልዲቭስ የደረሰ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ከአሸዋው አይወርድም። እኛም እያየን «ምን እናድርግ፣ ባሕር የለን!» ብለን እንተክዛለን።

ባሕር የለንም፤ ደሴት ግን አለን። የጣናዎቹን አይደለም የምላችሁ፤ እነሱ ከጥንት ጀምሮ በመነኮሳት እጅ ናቸው። የምላችሁ ደሴት ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ ጎባ ስትደርሱ፣ ከጎባ ደግሞ ሽቅብ ስትወጡ የምታገኟትን ነው፤ ሳነቴን። በካርታ ብታዩት የባሌ ተራሮች ከሰሜናዊዎቹ የማልዲቭስ ደሴቶች ጋር አንድ መስመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ አካባቢ። ልዩነቱ አንዷ ከባሕሩ ጋር እኩል ልትሆን ምንም ያልቀራት ሲሆን፣ ሌላዋ 4,000 ሜትር ሰማይ ላይ መውጣቷ ነው።

ደሴት ማለት መቼም ዙሪያው በማይሻገሩት ነገር የተከበበ መሬት ነው። ሳነቴን የከበባት ውሃ ሳይሆን ሙቀት ነው። ቀይ ቀበሮው ወደ ቆላ ወርዶ መኖር አይችልም። ግዙፉ ፍልፈል ከባሌ በቀር በዓለም ላይ ሌላ አገር የለውም። የሥነ ሕይወት ሰዎች እንዲህ ያሉትን ተራሮች «የሰማይ ደሴቶች» የሚሏቸው ለዚህ ነው። ከአምስት መቶ የማይበልጡት በዓለም የቀሩ አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት እዚችው ደሴት ላይ ነው።

ዛሬ የዚህችን ደሴት የእንግድነት ታሪክ ላወጋችሁ ነው። ማን አደረባት? ማንስ አሳደረ? (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።)

የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ሆቴል አልጠየቁም። ፊንጫ ሀበራ በተባለ ቦታ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,470 ሜትር ላይ አንድ የዋሻ መጠለያ አለ። ተመራማሪዎች ቆፍረው ያገኙትን በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ሲያወጡ ዓለም ጉድ አለ። ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ሰዎች እዚያ ኖረዋል፤ እሳት አንድደው ፍልፈል ጠብሰዋል፤ ከዚያም በላይ ካለው ከፍታ ባልጩት እያመጡ መሣሪያ ሠርተዋል። ያኔ የባሌ አናት የበረዶ ግግር ነበረው። ሰው በእንዲህ ያለ ከፍታ ላይ ኑሮ እንደመሠረተ ከሚያሳዩት ማስረጃዎች በጥንትነቱ ይህ ግንባር ቀደም ነው። እንግዲህ የባሌ የመጀመሪያው «ሎጅ» አልጋው ድንጋይ፣ ምሳው የፍልፈል ጥብስ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ሺህ ዓመታትን ዘልለን የምናገኘው ጎዳንቱን ነው። የባሌ ኦሮሞ ከብት አርቢ እንደየወቅቱ መንጋውን ይዞ ወደ አምባው ይወጣል፣ ወይም ወደ ሐረና ጫካ ይወርዳል። ሣር ፍለጋ ብቻ አይደለም፤ ሆራ የሚባለው ማዕድን ያለው ምንጭ አለ፤ ከብቱ እሱን ካልጠጣ አይሆንለትም። ወቅት ጠብቆ መሄድ፣ በደህና አየር መክረም፣ የማዕድን ውሃ መጠጣት፣ ወፍሮ መመለስ። የአውሮፓ ሀብታም ለዚህ ብሎ ነው ባቡር ተሳፍሮ ፍል ውሃ ከተማ የሚከርመው! የእኛዎቹ ላሞች ግን ቀድመውታል። ጎዳንቱ ደግሞ ዝም ብሎ መውጣትና መውረድ አይደለም፤ በማን ግጦሽ ማን መቼ እንደሚገባ በጎሳና በሽማግሌ የሚታወቅ ሥርዓት ነበረው። እንግዳው ጠይቆ ይገባል፣ ባለአገሩ ፈቅዶ ያስገባል።

ከተራሮቹ በስተምሥራቅ ወዳለው ቆላ ስንወርድ ሌላ የእንግድነት ታሪክ እናገኛለን፤ ድሬ ሼክ ሁሴንን። ወደዚህ ቅዱስ ስፍራ ባላ በትር የያዙ ተሳላሚዎች ከአርሲ፣ ከሐረርጌ፣ ከባሌ ከራሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ለትልልቆቹ በዓላት ይተማሉ። ብዙዎቹ ለሳምንታት በእግር ይጓዛሉ፤ በየመንገዱ ያለው ገበሬ ያበላቸዋል፣ ያሳድራቸዋል፤ እነሱ ደግሞ በዜማ እያመሰገኑ ይመርቁታል። ሂሳቡ ምርቃት ነው።

የውጭ እንግዳ ብቅ ያለው ዘግየት ብሎ ነው። አሜሪካዊው ሐኪምና ተጓዥ አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ በ1894 ሼክ ሁሴንና ሶፍ ዑመር ደረሰ። በ1908 ደግሞ አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ በደቡብ ምሥራቁ ደጋችን አንድ አጋዘን ገደለ፤ ሪቻርድ ሊዴከር በ1910 ለሳይንስ አዲስ ነው ብሎ መዘገበው። የደጋ አጋዘን የምንለው ነው። ለባሌ ሰው አዲስ አልነበረም፤ ለለንደን እንጂ። አዳኙ ድንኳኑን ተክሎ፣ ቀንዱን ጭኖ ይሄዳል። ባለአገሩ መንገድ መሪና ተሸካሚ ሆነ፤ እንግዳ ተቀባይ መሆኑ ቀረ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። በ1960ዎቹ የአገራችን ቱሪዝም ተወለደ። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የቱሪዝም ድርጅቱን መሩ፤ «የ13 ወር ጸጋ» ዓለምን ዞረ። አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደርና ባሕር ዳር በአንድ የጉብኝት መስመር ተያያዙ። ለዋና ምጽዋ ነበረች። ከባሕሩ ለራቀ ደግሞ በቀለ ሞላ በስምጥ ሸለቆው መንገድ ሆቴሎቻቸውን ሲዘረጉ ላንጋኖ ዳር አሸዋ ሰጡት። በኋላ የእሳቸው ስም ሮቤም ደርሶ ሆቴል ላይ ተጽፏል።

ባሌ ያን ጊዜ ምን ላይ ነበረች? ጦርነት ላይ። ከ1963 እስከ 1970 በዋቆ ጉቱ መሪነት ገበሬውና አርብቶ አደሩ በመሬቱ፣ በግብሩና በአስተዳደሩ በደል አምጾ ነበር። በእነዚያው ዓመታት ሌስሊ ብራውን የተባለው እንግሊዛዊ የሥነ ሕይወት ሰው ተራሮቹን እየዞረ አጋዘኑን ያጠና ነበር፤ ይህ ቦታ ፓርክ ይሁን አለ። አመጹ ባበቃበት በ1970 ፓርኩ ተቋቋመ። አስቡት! መሬቴ ተወሰደ ብሎ ሰባት ዓመት የተዋጋ ሕዝብ፣ ጠመንጃውን ባስቀመጠ ማግስት ሌላው መሬቱ ደግሞ ለአውሬ ተከለለ ተባለ። ፓርኩ ልክ ነበር፤ ባይኖር ዛሬ ቀይ ቀበሮውን በሥዕል ነበር የምናየው። ግን ባለአገሩን ማን ጠየቀው?

ደርግ መጣ። መሬት የሕዝብ ሆነ ተባለ፤ ሆቴሎች የመንግሥት ሆኑ። የጎባው ዋቢ ሸበሌ ሆቴል የዚያ ዘመን ትዝታ ነው፤ እንግዳው ባብዛኛው ለስብሰባ የመጣ ካድሬና የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ከ1977–78ቱ የሶማሊያ ጦርነት ወዲህ የባሌ ገበሬ ተሰብስቦ በመንደር እንዲሰፍር ተደረገ። ቤቱን የትም እንዳይሠራ የታዘዘ ሰው እንግዳ የማሳደር ነገር ከየት ይመጣለታል?

ውጤቱ በ1991 ታየ። መንግሥት ሲወድቅ የፓርኩ ካምፖች ተዘረፉ፤ የደጋ አጋዘኑ በገፍ ተገደለ። አንዳንዱ ሥጋ ፈልጎ ነው፤ ግን እንስሳው «የመንግሥት ከብት» ተደርጎ ይታይ እንደነበር መርሳት የለብንም። የማይጠቅምህን፣ እንዲያውም ከግጦሽህ ያባረረህን ነገር ዘበኛው ሲሸሽ ማን ይጠብቅልሃል?

በ1993 ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን ምጽዋም ከእጃችን ወጣች፤ የቅንጦት ዕረፍት ወደ ሐይቅ ዳር ዞረ። ቢሾፍቱ ላይ ኩሪፍቱ፣ ሐዋሳ ላይ ኃይሌ ሪዞርት የአሸዋውን ሕልም በሐይቅ አወራረዱልን። ባሌም ተራዋ ደረሰ። ከሳነቴ ቁልቁል ሐረና ጫካ ውስጥ፣ ካቻ በተባለ ሜዳ፣ ጡረታ የወጣ የእንግሊዝ ጦር መኮንንና ባለቤቱ ሎጅ ሠርተው በ2014 አካባቢ ሥራ ጀመሩ። የድንጋይ ግድግዳ፣ የእሳት ምድጃ፣ ከአጠገቡ ወንዝ የሚመነጭ ኤሌክትሪክ፤ በመስኮት ቀርከሃና ጦጣ ማየት። የአንዲት ሌሊት ዋጋው የብዙዎቻችንን የወር ደመወዝ የሚያስረሳ ነበር። «የደሴት ሪዞርት» የሚባለው ነገር ሳይቀነስ ተራራ ላይ መጣ፤ አሸዋው ብቻ ቀረ።

ማልዲቭስን ላንሳ። እዚያ የመጀመሪያው ሪዞርት ኩሩምባ በ1972 ተከፈተ። ከዚያ በኋላ አሠራሩ «አንድ ደሴት፣ አንድ ሪዞርት» ሆነ። እንግዳው ሰው በማይኖርበት ደሴት ያርፋል፣ ባለአገሩ በራሱ ደሴት ይኖራል፣ ሁለቱ አይተያዩም። ብሩ ገባ፤ ነገር ግን ዓሣ አጥማጁ ቤቱ ውስጥ አንድ ፈረንጅ አሳድሮ ገንዘብ ማግኘት ለረጅም ዓመታት ክልክል ነበር። በ2009 ሕጉ ሲላላ በየመንደሩ የእንግዳ ማረፊያ ፈላ። ከሪዞርቱ ዋጋ በጥቂቱ ያንኑ ባሕር ማየት ተቻለ፤ ገንዘቡም ባለአገሩ ኪስ ደረሰ። ሪዞርቶቹም አልተዘጉም።

እኛ ግን ከ1972ቱ ነው ወይስ ከ2009ኙ ማልዲቭስ የምንማረው? ጥያቄው አሁን አንገብጋቢ ነው። ፓርኩ በሕግ እስኪታወጅ ከ40 ዓመት በላይ ፈጅቶ፣ በመስከረም 2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈረ። እንግዳ ይበዛል። በሌላ በኩል በፓርኩ ውስጥ የሚሰፍረው ሰውና የሚግጠው ከብት እንደበዛ ነው፤ ቀበሮውም ከእነሱ ውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ደጋግሞ ገድሎታል። ሰውና ከብት ይብዛ ብሎ መተውም አያዋጣም፤ ባለአገሩን አስወጥቶ ለባለ ዶላር ማስረከብም 1991ን መድገም ነው።

ሦስተኛው መንገድ ከባሌ ርቆ የሚፈለግ አይደለም። ዲንሾ ላይ የአካባቢው ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ያስጎበኛሉ፤ ፈረስ ያለው ፈረሱን ያከራያል፤ ጓዝ የሚጭን ይጭናል። አጋዘኑ በሕይወት መኖሩ የእንጀራ ጉዳይ የሆነባቸው ናቸው። ሪራ ላይ አንዲት እናት ንጹሕ አልጋና የሐረና ጫካ ቡና ከማር ጋር ማቅረብ ብትችል፣ ለዚያም ፈቃድና ትንሽ ብድር ብታገኝ፣ ከጎዳንቱ ጋር የጠፋው «እንግዳው ይጠይቅ፣ ባለአገሩ ይፍቀድ» የሚለው ሥርዓት በአዲስ መልክ ተመለሰ ማለት ነው። ባለ ምድጃውም ሎጅ ይኑር፤ ግን ብቻውን ባለቤት አይሁን።

ስለዚህ ለዘንድሮው ዕረፍት የምታጠራቅሙ ጓደኞቼ፣ ግማሹን ለዛንዚባር፣ ግማሹን ለባሌ አድርጉት። ወፍራም ጃኬት ያዙ፤ ሳነቴ ሌሊቱን ውሃ ታረጋለች፣ ቀን ደግሞ ፀሐይዋ ፊት ትልጣለች። ስትደርሱ አስጎብኚያችሁን የዲንሾ ልጅ አድርጉት፣ ፈረሳችሁን ከባለአገሩ ተከራዩ፣ ቡናችሁን ሪራ ጠጡ። ፎቶውን ሦስት ወር ብትለጥፉትም አንቀየማችሁም።

ቸር እንሰንብት።