ፓክኖዳ

ፓክኖዳ በጥንዚዛዎች ክፍለመደብ (ኮሊኦፕቴራ) ውስጥ፣ ስካራቤይዴ በሚባለው አስተኔ የሚመደብ የጥንዚዛ ወገን ነው። ከ100 በላይ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን አብዛኞቹ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ይገኛሉ። በኢትዮጵያ በይበልጥ የታወቀው ዝርያ ማሽላን የሚያጠቃው ፓክኖዳ ኢንተሩፕታ ነው።

መልክና አኗኗር

የወገኑ ዝርያዎች ባብዛኛው ከ1 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይረዝማሉ። መልካቸው ቢጫ፣ ቡናማና ጥቁር የተቀላቀለበት ነው። በቀን ይበርራሉ። ሲበርሩም እንደ ሌሎች ጥንዚዛዎች ጠንካራውን የፊት ክንፋቸውን አይከፍቱም፤ ስሱ የኋላ ክንፍ በጎን በኩል ባለ ክፍተት ይወጣል። ያደጉት አበባ፣ የበሰለ ፍራፍሬና ለስላሳ እሸት ይመገባሉ። እጮቻቸው አፈር ውስጥ የበሰበሰ ቅጠልና ፍግ ይበላሉ። ፍግ ሲገለበጥ የሚገኝ እጭ በጀርባው ተንጋልሎ የሚሄድ ከሆነ ፓክኖዳ የሚገኝበት ንዑስ አስተኔ፣ የሴቶኒኔ፣ አባል መሆኑ ይታወቃል። የሰብል ሥር የሚበሉ የሌሎች ንዑስ አስተኔዎች እጮች እንዲህ አይሄዱም።

የምደባ ታሪክ

ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 እነዚህን የመሰሉ ጥንዚዛዎች በሙሉ ስካራቤዩስ በሚል አንድ ወገን ሰብስቧቸው ነበር። ተማሪው ዮሃን ክርስቲያን ፋብሪሲየስ በ1775 አበባ ወዳዶቹን ለይቶ ሴቶኒያ አላቸው። ፈረንሳዊው ጊዮም አንትዋን ኦሊቪዬ በ1789 የማሽላውን ጥንዚዛ ሴቶኒያ ኢንተሩፕታ ብሎ ሰየመው። ፓክኖዳ የተባለውን ወገን ያቋቋመው ጀርመናዊው ኸርማን ቡርማይስተር ሲሆን ዘመኑ 1842 ነው። ዝርያው ወደ አዲሱ ወገን ስለተዛወረ የሰያሚው ስም በቅንፍ ይጻፋል፦ ፓክኖዳ ኢንተሩፕታ (ኦሊቪዬ፣ 1789)። በእንስሳት ስያሜ ሕግ ቅንፉ ዝርያው መጀመሪያ በሌላ ወገን ሥር እንደተገለጸ ያመለክታል።

ወገኑ ሴቶኒኒ በሚባለው ነገድ ውስጥ ይገኛል። ሴቶኒኔን ከስካራቤይዴ አውጥተው ራሱን የቻለ አስተኔ የሚያደርጉ ተመራማሪዎችም አሉ።

ዝርያዎችን የመለየት ችግር

የፓክኖዳ ምደባ ዋና ችግር ቀለም ነው። የአንድ ዝርያ አባላት፣ በአንድ ቦታ የተሰበሰቡትም ጭምር፣ ነጠብጣባቸው ሊሰፋ፣ ሊጠብ ወይም ሊጠፋ ይችላል። የቀድሞ ተመራማሪዎች ጥቂት ናሙናዎችን ብቻ ይዘው ስለሚሠሩ ለቀለም ልዩነቶች የተለያየ ስም ሰጥተዋል። በኋላ ወገኑ ሲከለስ ግን ስያሜው የተመሠረተባቸው የሙዚየም ናሙናዎች ጎን ለጎን ይመረመራሉ፤ በተለይ የወንዱ የመራቢያ አካል ቅርጽ ይወዳደራል፤ ይህ ቅርጽ ከቀለም ይልቅ የማይለዋወጥ ነውና። ሁለት ስሞች የአንድ ዝርያ ሆነው ከተገኙ በደንቡ መሠረት ቀድሞ የታተመው ይጸናል፣ ሌላው ተመሳሳይ ስም ተብሎ ይመዘገባል። ልዩነቱ በአካባቢ የተወሰነ ሲሆን ደግሞ ንዑስ ዝርያ ይባላል። ለምሳሌ ፓክኖዳ ማርጊናታ ብዙ ንዑስ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን፣ ፔሬግሪና የተባለው በልዩ ልዩ አገሮች ለእንሽላሊቶች መኖ እየተባለ ይረባል።

በኢትዮጵያ

ፓክኖዳ ማሳያዬ የተባለው ዝርያ በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ የኖሩትን ሚስዮናዊ ጉሊየልሞ ማሳያን እንዲያስታውስ የተሰየመ ነው።

ፓክኖዳ ኢንተሩፕታ 1.3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በአማራ ክልል ምሥራቃዊ ቆላዎችና በአፋር በብዛት እየተከሰተ ከባድ የማሽላ ተባይ ሆኗል። በዓመት አንድ ትውልድ ብቻ አለው። ክረምቱ ሲገባ ያደጉት ከአፈር ወጥተው ይራባሉ፤ አዲሱ ትውልድ በመስከረምና በጥቅምት፣ የማሽላው ፍሬ ወተት ሲይዝ፣ ዛላው ላይ ሰፍሮ ይመገባል፤ በበጋ አፈር ውስጥ ይሸሸጋል። በሳህል አገሮች ይኸው ዝርያ የቡልቱግ ተባይ ነው።

በሰሜን ወሎ ሐብሩ ወረዳ፣ በወልድያና በመርሳ መካከል፣ የሚገኘው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የማሽላ ዝርያዎች አንዱ በዚያው ወረዳ ባለችው ግራና ስም ግራና-1 ይባላል። እንዲህ ባሉ ማሽላ አብቃይ አካባቢዎች የተባዩን ስም በትክክል ማወቅ ተግባራዊ ጥቅም አለው። ፓክኖዳ መሆኑ ከታወቀ በአበባና በፍራፍሬ ሽታ በሚስብ ወጥመድ መያዝ ይቻላል፤ ወጥመዱ የሚዘረጋበት ወቅትም ከሕይወት ዑደቱ ይታወቃል። በሌላ ጥንዚዛ ከተሳሳተ ግን ወጥመዱ ያለ ጊዜው ወይም ያለ ቦታው ሊዘረጋ ይችላል።