የጠቆረ ብርና የውጫሌ ታሪክ

የውጫሌ ስም በተነሣ ቁጥር ሰው ሁሉ የሚያስበው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያው መልእክተኛ በአንቶኔሊ መካከል የተደረገውን ውል፣ ይልቁንም 17ኛውን አንቀጽ ነው። እኛም የዚሁ አገር ልጆች ስለሆንን ይህን ታሪክ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ነገር ግን የዚያ ዘመን ሌላ ምስክር በየቤታችን ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ልብ የምንለው ጥቂቶች ነን። ይኸውም የአያቶቻችን የብር ጌጥ ነው።

ሠርግ ወይም በዓል ሲደርስ ድሪው፣ አምባሩ፣ አልቦውና መስቀሉ ከሣጥን ይወጣል፤ ጠቁሮም ይገኛል። ያን ጊዜ በአመድና በሎሚ መፈተግ ይጀመራል። ይህ ሥራ ለእኛ ለልጆች ሲሰጠን አጥብቆ የፈተገ ይመሰገን ነበር። ዛሬ ግን ያ ምስጋና የሚገባን እንዳልነበረ ተረድተናል። ምክንያቱን ለመግለጽ ከብሩ ታሪክ እንጀምራለን።

በቀድሞ ዘመን አንጥረኛ ጌጥ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ጠገራ ብር አቅልጦ ነበር። በጠገራ ብር ላይ የኦስትርያዋ እቴጌ የማርያ ትሬዛ መልክ ይገኛል። እርሷ የሞተችበት የ1780 እ.ኤ.አ. ቁጥርም ሳይለወጥ ከዚያ ወዲህ ሲታተም ኖሯል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። በገበያ ባላገሩ ብሩን ሲቀበል በእቴጌይቱ ራስና ትከሻ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጥቦች አጥብቆ ይመለከት ነበር፤ ነጥቡ ተፍቆ የጠፋውን ብር አልቀበልም ይል ነበር።

የገንዘብ ነገር ከውጫሌ ውልም ጋር ይገናኛል። ደጃዝማች መኰንን በመስከረም 1882 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር የፈረሙት ተጨማሪ ውል ስለ 4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ሲናገር፣ የኢትዮጵያ ገንዘብ በኢጣልያ ማተሚያ ቤት እንዲሠራም መንገድ ይከፍት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ግን በ1885 ዓ.ም. የውጫሌን ውል ሰረዙ፤ የራሳቸውንም ብር ያሠሩት በፓሪስ ነው። በዚያ ብር ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ አንበሳውና 1887 የሚለው ዓመተ ምሕረት ተቀርጾበታል። የዓድዋ ጦርነት የሆነው በ1888 ዓ.ም. ነውና፣ ይህ ቁጥር የነጻነታችን ታሪክ አንድ ገጽ ነው።

እንግዲህ ጌጡን ስናጸዳ ገጹን እንዳንፍቀው መጠንቀቅ ይገባናል። ብር የሚጠቁረው በአየር ውስጥ ካለው የዲን ጋዝ ጋር ሲገናኝ ነው። የኩበት ጭስ፣ የበግ ጠጉርና ላስቲክ ይህን ያፋጥኑታል። ጥቁሩ ሽፋን እጅግ ስስ ነው፤ አመድ ግን እንደ ሞረድ ስለሚፍቅ ከጥቁሩ ጋር ብሩንም ይወስዳል። የጥርስ ሳሙናም ቢሆን እንዲሁ ነው። በየዓመቱ ሲፈተግ ሐረጉ ይደበዝዛል፤ ፊደሉና ቁጥሩም ይጠፋል።

የሚሻለው መንገድ ይህ ነው። አስቀድሞ ጌጡን ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና በጥጥ ጨርቅ ማጠብ፣ ከዚያም ፈጽሞ ማድረቅ ነው። ይህ ካልበቃ በሳህን ላይ የአሉሚኒየም ወረቀት አንጥፎ፣ ጌጡን ወረቀቱን እንዲነካ አድርጎ ማስቀመጥና 1 ሊትር ሙቅ ውሃ ከ1 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጋር ማፍሰስ ነው። ዲኑ ወደ አሉሚኒየሙ ሲያልፍ ብሩ በቦታው ይቀራል። ዶቃ፣ ፈርጥ ወይም ክር ያለበት ጌጥ ግን በዚህ ውሃ አይነከር። በሐረጉ ጥልቀት ውስጥ ጥቂት ጥቁረት ቢቀርም እድፍ አይደለም፤ የአንጥረኛውን የእጅ ሥራ አጉልቶ ያሳያል። ጌጡ ከጸዳ በኋላም በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎ ከጭስ ማራቅ ይገባል።

ጠገራ ብር አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በ1937 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ቀስ በቀስ ከገበያ ወጥቷል። የቀረልን በእናቶቻችን አንገትና በሣጥናቸው ያለው ነው። ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ለመጪው በዓል አመዱን ከማንሣታችን በፊት ጌጡን ወደ ብርሃን አቅርበን በላዩ ያለውን እናንብብ፤ የማን እንደነበረም እናቶቻችንን እንጠይቅ። ጥቁረቱ በማንኛውም ቀን ሊጸዳ ይችላል፤ የተፋቀ ቁጥር ግን ተመልሶ አይመጣም።