በኮምፒዩተር የተመዘገበ የሥራ ሰዓት እንዴት ይታረማል?

ደመወዙን በወር የሚቀበል ሠራተኛ “ሰዓቴ ቢበዛም ቢያንስም የወር መጨረሻዋ ያችው ናት” እያለ ለሰዓት መዝገብ ግድ አይሰጠውም። ቀጣሪውም ቢሆን ከዚህ የራቀ ሐሳብ የለውም። የጣት አሻራ መቀበያው በር ላይ ይሰቀላል፣ ሠራተኛው ጠዋትና ማታ ጣቱን ያስነካል፣ ወሩ ሲያልቅ ደግሞ አንድ የአስተዳደር ባልደረባ ኮምፒዩተሩ ፊት ቁጭ ብሎ የጎደለውን ይሞላል፣ የተረፈውን ይቀንሳል። ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደለወጠው የሚጠይቅ የለም። ጥያቄው የሚመጣው ሠራተኛው ሲሰናበት ወይም የትርፍ ሰዓት ሒሳብ ሲጠይቅ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የመጀመሪያው መዝገብ በላዩ ላይ ተጽፎበት ጠፍቷል።

ለመሆኑ በወር ለሚከፈለው ሰው ሰዓቱ ምን ይፈይድለታል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ወስኗል። በዚሁ አዋጅ አንቀጽ 27 መሠረት በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ የሥራ ሰዓት ያላከበረ፣ ወይም በዚሁ ጊዜ ውስጥ በድምሩ 5 ቀን ከሥራ የቀረ ሠራተኛ ያለ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። እንግዲህ ለመስክ ሥራ ወጥቶ ጣቱን ሳያስነካ የዋለ ሰው ኮምፒዩተሩ “ቀሪ” ብሎ ከመዘገበውና ያንን የሚያርም ሰው ከጠፋ፣ ጉዳዩ የደመወዝ ሳይሆን የእንጀራ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ነው። በወር 10,400 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ እንውሰድ። በሳምንት 48 ሰዓት በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ወር ሲካፈል 208 ሰዓት ይመጣል፤ ብዙ የሒሳብ ክፍሎችም የሚጠቀሙት ይህንኑ ቁጥር ነው። ስለዚህ የሰዓቱ ዋጋ 50 ብር ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ተባዝቶ 75 ብር፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75 ተባዝቶ 87.50 ብር፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2 ተባዝቶ 100 ብር፣ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ በ2.5 ተባዝቶ 125 ብር ይሆናል። አንዲት ሰዓት በየትኛው መደብ ተመዘገበች የሚለው ስንት ብር እንደሚያለያይ ከዚህ ይታያል።

ይሁን እንጂ በመዝገቡ ላይ ዘግይቶ የወጣ ሁሉ ትርፍ ሰዓት ሠርቷል ማለት አይደለም። ሕጉ ትርፍ ሰዓት የሚለው አሠሪው በግልጽ ያዘዘውን ሥራ ነው። ዝናብ እስኪያባራ ወይም ታክሲ እስኪገኝ ቢሮ የቆየ ሰው ጣቱን ያስነካበት ሰዓት ወደ ክፍያ እንዲሄድ የተደረገበት ፕሮግራም አሠሪውን ይጎዳል። በአንጻሩ ከ8 ሰዓት የበለጠውን ሁሉ በራሱ ቆርጦ የሚጥል ፕሮግራም ታዝዞ ያመሸውን ሠራተኛ ይበድላል። በነገራችን ላይ “ኃላፊ” የሚል የሥራ መጠሪያ መያዝ ብቻውን ከትርፍ ሰዓት መብት አያስወጣም። አዋጁ የማይሸፍነው የሥራ መሪ የሚባለውን ነው፤ ይህም የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማሰናበት ሥልጣን ያለው ሰው ነው።

በእኛ አገር መዝገቡን ከሚያበላሹት ነገሮች ግን እንደ ሰዓት አቆጣጠራችን አስቸጋሪ የለም። ከውጭ የመጣው ፕሮግራም ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው። ሠራተኛው በእጁ ሲሞላ “ገባሁ 2፡30፣ ወጣሁ 11፡30” ብሎ ይጽፋል። የምሳ ሰዓት ሲቀነስ 8 ሰዓት ይሞላል፤ ድምሩ ትክክል ስለሆነም ማንም ልብ አይለውም። ፕሮግራሙ ግን 2፡30 የሚለውን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል አድርጎ ያነበዋል። በዚህ ስሌት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው 3 ሰዓት ተኩል የሌሊት ሥራ ሆኖ ተመዘገበ ማለት ነው። ፕሮግራሙ የሌሊቱን ሰዓት በራሱ እንዲያሰላ ከታዘዘ ከላይ ለጠቀስነው ሠራተኛ በአንድ ቀን 306.25 ብር ያለ አግባብ ይጽፋል። ይህን ስህተት ከድምሩ ሳይሆን ከመግቢያና መውጫ ሰዓቱ ነው ማየት የሚቻለው።

የጥበቃ ሠራተኛም ተመሳሳይ ችግር አለበት። ከምሽቱ 12 ሰዓት ገብቶ ንጋት 12 ሰዓት ሲወጣ ፕሮግራሙ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ቀን ስለሚቀይር አንዱን ፈረቃ ለሁለት ይከፍለውና በሁለቱም ቀን “ያልተሟላ” ይለዋል። ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሚሠራ ድርጅትም ፕሮግራሙን በየቀኑ 8 ሰዓት ብሎ ካስተካከለው በየሳምንቱ ሠራተኛው 4 ሰዓት እንደጎደለበት ያሳያል። ደመወዙ በኢትዮጵያ ወር፣ ፕሮግራሙ በፈረንጅ ወር የሚሄድበት ድርጅት ደግሞ ጳጉሜን የት እንደሚያስገባት አስቀድሞ በጽሑፍ ቢወስን ከብዙ ክርክር ይድናል። እነዚህ የሚታረሙት በየሠራተኛው መዝገብ ሳይሆን በፕሮግራሙ የሥራ መርሐ ግብር ላይ ነው። በየወሩ በእጅ የሚጠገን ስህተት አንድ ቀን መዘለሉ አይቀርም።

በእጅ መታረም ያለበት ሲያጋጥም ዋናው ደንብ የመጀመሪያውን ቁጥር አለመደምሰስ ነው። ድሮ በቀለም በሚጻፈው የሒሳብ መዝገብ የተሳሳተውን በአንድ መስመር ሰርዞ፣ ትክክለኛውን ከላዩ ጽፎ፣ ፊርማ ማኖር የተለመደ ነበር። በኮምፒዩተርም ከዚያ ያነሰ ሊደረግ አይገባም። ደህና የተሠሩ ፕሮግራሞች የቀድሞውን ሰዓት፣ አዲሱን ሰዓት፣ የለወጠውን ሰው ስምና የተለወጠበትን ጊዜ አብረው ያስቀምጣሉ፤ ይህ ክፍል ተዘግቶ ከሆነ መከፈት አለበት። በኤክሴል የሚሠራ ድርጅት ለማስተካከያው የራሱን ዓምድ ይክፈት። ምክንያቱም “ተስተካክሏል” ተብሎ ብቻ አይጻፍም፤ “መብራት ጠፍቶ መቀበያው አልሠራም” ወይም “በደብዳቤ ታዝዞ መስክ ነበር” ተብሎ ይጻፍ። ማረም የሚጠይቀው ሠራተኛው፣ የሚያጸድቀው የቅርብ አለቃው፣ የሚያስገባው የአስተዳደር ክፍሉ ቢሆን መልካም ነው። ደመወዝ የሚሠራው ሰው ራሱ ሰዓቱን የሚለውጥበት አሠራር ግን ሰውየው የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን አይደገፍም። የአንድ ሰው የይለፍ ቃል ለሦስት ሰው ሲዳረስ ደግሞ የተመዘገበው ስም ትርጉም ያጣል።

ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ ስህተት ቢገኝስ? የተዘጋውን ወር መልሶ መክፈት የሒሳቡንም የግብሩንም ሰነድ ያፋልሳል። ልዩነቱ “የባለፈው ወር ማስተካከያ” ተብሎ በቀጣዩ ወር ለብቻው ቢገባ ይመረጣል። አሠሪው በብልጫ የከፈለውን ለመመለስ ሲፈልግ ግን ከደመወዝ ላይ እንዲሁ መቁረጥ አይችልም። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት መደገፍ አለበት፤ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ሠራተኛውም ቢሆን ዝም ብሎ መቆየት አያዋጣውም፤ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።

መንግሥታዊ ባልሆኑ ድርጅቶች ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ በሚካሄድ ፕሮጀክት ደመወዝ የሚጠየቀው በበጀት ላይ በተገመተው ድርሻ ሳይሆን በተጨባጭ በተሠራው ሥራ ነው። ግማሽ ጊዜውን ለአንዱ፣ ግማሹን ለሌላው ፕሮጀክት ይሠራል ተብሎ የታቀደ ባለሙያ በወሩ ውስጥ ሦስት እጁን በአንዱ ላይ ካዋለ መዝገቡ ያንኑ ማሳየት አለበት። በወሩ መጨረሻ ሰዓቱን ከበጀቱ ጋር እንዲገጥም አድርጎ ማከፋፈል እርማት አይባልም፤ ኦዲተር ሲደርስበት ድርጅቱ ገንዘቡን እንዲመልስ ሊጠየቅ ይችላል።

ሠራተኛ ከሆኑ ወር በመጣ ቁጥር ከደመወዝ ዝርዝሩ ጋር የሰዓት መዝገብዎን ወረቀት ይጠይቁ። በእጅዎ ያለው ቅጂ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ካለው ጋር ካልገጠመ ልዩነቱን በዚያው ወር በጽሑፍ ያመልክቱ፣ ማመልከቻዎ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ማኅተምም በግልባጩ ላይ ያስደርጉ።