አንድ ወንጀል፥ ብዙ ፍጻሜ
ስለ ምርመራ ጨዋታዎች አጭር ታሪክ

ታሪክ ሲባል ብዙ ጊዜ በአሳባችን የሚመጣው የነገሥታትና የጦርነት ነገር ነው። ነገር ግን የሰው ልጅ በሥራው ብቻ ሳይሆን በጨዋታውም ታሪክ አለው። ስለዚህ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን የምንፈጽም ተማሪዎች ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ከምናቀርበው ጽሑፍ አንዱ፥ በዘመናችን ወጣቶች ዘንድ ስለ ተወደደ አንድ ዐይነት ጨዋታ እንዲሆን ወደድን። ይኸውም በኮምፒዩተር ወይም በቴሌቪዥን ላይ እንደ መጽሐፍ የሚነበብ፥ አንባቢው ራሱ መርማሪ ሆኖ ነፍሰ ገዳዩን የሚፈልግበት፥ ፍጻሜውም እንደ ምርጫው የሚለዋወጥበት የምሥጢር ታሪክ ነው። ፈረንጆች ‹‹ቪዡዋል ኖቭል›› ይሉታል፤ እኛ ሥዕላዊ ልብ ወለድ ብንለው ይስማማዋል። ወላጆቻችንና መምህራኖቻችን ጨዋታ ጊዜ ያጠፋል ሲሉ እንሰማለን። አባባሉ እውነትነት አለው፤ ሆኖም ከመፍረድ አስቀድሞ ነገሩን ከሥሩ መመርመር ይገባል። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

አንድን ወንጀል በብዙ ፍጻሜ የመንገር አሳብ ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ነው። በ1929 እንግሊዛዊው ደራሲ አንቶኒ በርክሌይ ስለ ተመረዘ ቸኮላታ በጻፈው መጽሐፍ፥ ስድስት ሰዎች አንዱን ግድያ መርምረው እያንዳንዳቸው ልዩ ልዩ መልስ ሲያመጡ አሳየ። በ1935 በኒው ዮርክ ከተማ በብሮድዌይ የታየው የአይን ራንድ ቴአትር ደግሞ ከዚህ አልፎ ሄደ። ከተመልካቾች መካከል 12 ሰዎች ተመርጠው እንደ ፍርድ ሸንጎ ይቀመጡና፥ ተከሳሺቱ ጥፋተኛ ናት ወይም አይደለችም ብለው ሲፈርዱ፥ የቴአትሩ ፍጻሜ እንደ ፍርዳቸው ይሆን ነበር። ተመልካቹ ዝም ብሎ ማየቱ ቀርቶ የፍርዱ ተካፋይ ሆነ ማለት ነው።

ይህ አሳብ ወደ ኮምፒዩተር የገባው ቀስ በቀስ ነው። በ1980 አሜሪካውያኑ ሮበርታና ኬን ዊልያምስ የተባሉት ባልና ሚስት፥ ግድያ በሚፈጸምበት ቤት ውስጥ የሚካሄድ ሥዕል ያለበት ጨዋታ ሠርተው አወጡ። ከ3 ዓመት በኋላ፥ በ1983፥ ዩጂ ሆሪ የተባለው ጃፓናዊ ‹‹የፖርቶፒያ ተከታታይ ግድያ›› የተባለውን ጨዋታ ኤኒክስ በተባለው ኩባንያ በኩል አወጣ። ስሙ በ1981 በቆቤ ከተማ ወደብ የተደረገውን ትልቅ ኤግዚቢሽን የሚያስታውስ ሲሆን፥ ታሪኩም የሚጀምረው በዚያችው ከተማ ነው። በመጀመሪያ ተጫዋቹ ትእዛዙን በፊደል እየጻፈ ነበር የሚመረምረው፤ በ1985 በፋሚኮም መሣሪያ ሲወጣ ግን፥ ጠይቅ፥ ፈልግ፥ ያዝ የመሳሰሉት ትእዛዞች ተዘርዝረው ቀረቡለትና መምረጥ ብቻ ሆነ። ከዚህ የተነሣ ጨዋታው ለሕፃናትም ሳይቀር ቀለለ። የነፍሰ ገዳዩ ማንነት በጃፓን አገር ጨዋታውን ባልነኩት ሰዎች ዘንድ እንኳ እስኪታወቅ ድረስ ስሙ በአፍ ተዛመተ፤ እኛ ግን የአንባቢን ደስታ እንዳናበላሽ በዚህ አንጽፈውም።

በፖርቶፒያ እውነቱ አንድ ብቻ ነው፤ የተሳሳተ ሰው የሚያጣው ጊዜውን ነው። ነገሩ የተለወጠው ቹንሶፍት የተባለው ኩባንያ በ1992 ‹‹ኦቶጊሪሶ›› የተባለውን ሥራ ሲያወጣ ነው። ጽሑፉ መስተዋቱን ሞልቶ እንደ መጽሐፍ የሚነበብ፥ ዝናቡና የበሩ ድምፅ የሚሰማበት ስለ ሆነ ‹‹ሳውንድ ኖቭል›› አሉት፤ የድምፅ ልብ ወለድ ማለት ነው። በ1994 ደግሞ የምርመራ ልብ ወለድ ደራሲ የሆነው ታኬማሩ አቢኮ የጻፈው ‹‹ካማይታቺ ኖ ዮሩ›› ተከተለ። በበረዶ ማዕበል በተዘጋ የተራራ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ ሬሳ ይገኛል፤ መውጫም መግቢያም የለም። ነገሩ በአገራችን ቀድሞ የነበረውን አውጫጭኝ ያሳስበናል፤ በዚያም ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ የአገሩ ሰው በአንድ ቦታ ተሰብስቦ እንዲቆይ ይደረግ ነበር። በዚህ ጨዋታ ሰዎቹ እንደ ሰማያዊ ጥላ ብቻ ስለሚታዩ፥ ከፊታቸው ጥፋትን ማንበብ አይቻልም፤ ንግግራቸውን መመዘን ግድ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛ፥ ተጫዋቹ ገዳዩን በጊዜ ካላወቀ ሌሎች እንግዶች በተራ ይሞታሉ። ሁለተኛ፥ የገዳዩን ስም ከዝርዝር አይመርጥም፤ ራሱ በፊደል መጻፍ አለበት። ከዝርዝር የሚመርጥ ሰው በዕድል ሊያገኝ ይችላል፤ ስሙን የሚጽፍ ግን ማወቅ ወይም ቢያንስ ምክንያት ማግኘት ይኖርበታል። በተራው የምርመራ መጽሐፍ አንባቢ ያለ አግባብ ንጹሑን ቢጠረጥር ማንም አይጠይቀውም፤ ገጹን ገልጦ ያልፋል። በዚህ ግን የስሕተቱን ዋጋ በዐይኑ ያያል።

በ2009 ኮታሮ ኡቺኮሺ የጻፈው ‹‹9 ሰዓት፥ 9 ሰዎች፥ 9 በሮች›› አሳቡን ሌላ ደረጃ አደረሰው። ዘጠኝ ሰዎች በመርከብ ውስጥ ተዘግተው፥ በዘጠኝ ሰዓት ውስጥ መውጫውን መፈለግ አለባቸው። ፍጻሜው 6 ነው። ነገር ግን ወደ እውነተኛው ፍጻሜ ለመድረስ አስቀድሞ በሌላ ፍጻሜ ማለፍና በዚያ የተገኘውን ዕውቀት ይዞ መመለስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ታሪኩን በሦስት ቃል ብናሳጥረው፥ ስሕተት በመጀመሪያ መዘግየት ነበረ፤ ቀጥሎ ቅጣት ሆነ፤ በመጨረሻም አስተማሪ ሆነ።

የእነዚህ ጨዋታዎች ጉድለትም የሚሸሸግ አይደለም። ሳያስብ በር ሁሉ እያንኳኳ የሚሄድ ተጫዋች ውሎ አድሮ መልካሙን ፍጻሜ ማግኘቱ አይቀርም፤ ይህ ግን ትጋት እንጂ ማስተዋል አይደለም። ደግሞም የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ በጨዋታው የፈሰሰው ሁሉ ይለቀማል፤ የሞቱትም ሰዎች በሚቀጥለው ጊዜ በሕይወት ይቀመጣሉ። በፍርድ አደባባይ ግን በሐሰት የተፈረደበትን ሰው ወደ መጀመሪያው ገጽ የሚመልሰው የለም። ከእኛ መካከል ነገ ዳኛ ወይም የፖሊስ መርማሪ የሚሆን ይኖራልና፥ ይህን ልዩነት ካሁኑ ማወቅ ይጠቅመናል።

በ2002 በጃፓን ጥቂት ወዳጆች በራሳቸው ገንዘብ የሠሩትን ‹‹ሂጉራሺ›› የተባለ የምሥጢር ታሪክ በቶኪዮ በሚደረግ ገበያ መሸጥ ጀመሩ፤ ፍጻሜው በምርጫ ባይለዋወጥም ዝናው ከአገራቸው አልፎ ወጣ። ይህን ዐይነት ሥራ ለመጀመር የሚያስፈልገው ጥሩ ጽሑፍ፥ ጥቂት ሥዕልና ድምፅ ነው። ክርክርና ሙግት የለመደው፥ ቃል በቃል የሚመዝነው የአማርኛ ቋንቋችን ለዚህ የሚያንስ አይመስለንም። ስለዚህ ከእኛ በኋላ የምትቀሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጨዋታውን በመጫወት ብቻ ሳትወሰኑ፥ አንድ ምሥጢር በአማርኛ ጽፋችሁ ለሚቀጥለው በዓል እንድታቀርቡልን አደራ እንላለን።