የሙገር ጭቃ ድንጋይና የጥንት ገበሎ አስተኔዎቹ
የሙገር ጭቃ ድንጋይ በዓባይ ተፋሰስ፣ በሙገርና በጀማ ወንዞች ሸለቆዎች የሚታይ፣ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የደለል አለት ንጣፍ ነው።

አፈጣጠር
ከሥሩ ያለው የአንታሎ ኖራ ድንጋይ አካባቢው በባሕር ተሸፍኖ በነበረበት ዘመን የተከማቸ ነው። ባሕሩ ከሸሸ በኋላ ወንዞች ያጓጓዙት ደለል ጭቃ ድንጋዩን አስገኝቷል። በላዩ የደብረ ሊባኖስ አሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያም ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው የእሳተ ገሞራ አለት ተነጥፎበታል። ንጣፉ ለዓይን የሚታየው ወንዞች ይህን ሽፋን ሰርስረው ባለፉበት ሸለቆ ነው።

የተገኙ ቅሪተ አካላት
በሰሜን ሸዋ፣ በዓለም ከተማ አቅራቢያ ከሚገኘው የጀማ ሸለቆ የሥጋ በልና የዕፅ በል ዳይኖሰሮች ጥርሶች፣ እንዲሁም የኤሊ፣ የአዞ ዘመዶችና የሳንባ ዓሣ ቅሪቶች ተሰብስበዋል። በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የንጣፉን ዕድሜ የወሰነው በውስጡ በተገኙ የጥንት ዕፅዋት ብናኞች ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ ጥርሶቹ የልዩ ልዩ ዳይኖሰር ወገኖች መሆናቸውን አመልክቷል። የዳይኖሰሮቹ ማስረጃ በአብዛኛው ነጠላ ጥርስ በመሆኑ የአንዲት ቁራጭ መጥፋት እንኳ ከፍተኛ ጉዳት ነው።

ጎንደርና አካባቢው
ማራኪን ጨምሮ የጎንደር ከተማ ያረፈችበት ደጋ በእሳተ ገሞራ አለት የተሸፈነ ስለሆነ የዳይኖሰር ዘመን ንጣፍ በገጽ ላይ አይታይበትም። ከጎንደር በስተ ምዕራብ በጭልጋ የተገኙት 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ቅሪቶች የአጥቢ እንስሳት ናቸው፤ ከእነዚህም መካከል የዝሆን ጥንታዊ ዘመዶችና ሁለት ግዙፍ ቀንዶች የነበሩት አርሲኖይቴሪየም ይገኙበታል። ዳይኖሰሮች ከዚያ አስቀድሞ፣ ከ66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጠፍተዋል።

ቅሪተ አካል ሲገኝ
በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በግንባታ፣ በመንገድ ሥራ፣ በማዕድን ፍለጋ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያውኑ የማሳወቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ እንዳለ ጠብቆ የማቆየት ግዴታ አለበት። ላስረከበ ሰውም ተገቢው ሽልማት እንደሚሰጥ አዋጁ ይደነግጋል።

ተገልጋዮች ጥቆማቸውን በቅርብ በሚገኘው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በኩል ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ማድረስ ይችላሉ። ግኝቱን ከአለቱ ከመንቀል፣ ከማጠብና ከመሸጥ መቆጠብ፣ ቦታውን ምልክት ማድረግና ከተቻለ ፎቶግራፍ ማንሳት ያስፈልጋል። ከየትኛው ንጣፍ እንደወጣ ያልታወቀ ጥርስ ዕድሜውን መወሰን ስለሚያዳግት ሳይንሳዊ ዋጋው እጅግ ይቀንሳል።